ወገቤ ውስጥ ባትሪ ይቀበር ወይስ ይቅርብኝ?

ይህን የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። «አሜሪካ ተቀምጦ ደግሞ ምን ጎደለው!» እንዳትሉኝ። የጎደለኝማ ወገብ ነው። ገና በ36 ዓመቴ ጠዋት ከአልጋ የምነሳው ግድግዳ ይዤ ነው። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር፣ አሁን ግን ሳቁ ራሱ ያመኛል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የአንድ አብሮ አደጌ ስልክ ነው። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ደወለና «ስማ፣ አንተ ወገብህ ውስጥ ያስቀበርከው የኤሌክትሪክ ማሽን አለ አሉ። ሕመም የሚባል ነገር ጸጥ ያደርጋል አሉ። አባቴን ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው፣ ቤቱን አከራይተንም ቢሆን እንላካቸው እንዴ?» አለኝ። ደነገጥኩ። «አሉ» እየተባለ ስንት ቤት ተሸጧል! እናም የማውቀውን፣ ያየሁትንና የከፈልኩትን ልንገራችሁ ብዬ ተነሳሁ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ዘንድ መመላለስ ግን ሥራዬ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታክሲ እየነዳሁ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዱ ስልኩን እየነካካ ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። መኪናዋ በሁለት ሳምንት ተጠገነች። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ... ዲስክ መንሸራተት ተባልኩና ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። አልሆነም። በዓመቱ ሁለተኛ ተደረግሁና ሁለት አጥንቶቼ በብሎን ተያያዙ። ቀዶ ሐኪሙ ራጁን አንስተው «በጣም ቆንጆ ሆኗል» አሉኝ። እውነትም ራጁ ቆንጆ ነው! እግሬ ግን ይቃጠላል። ከመቀመጫዬ ተነስቶ፣ በጭኔ ጀርባ ወርዶ፣ ባቴን አልፎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ የጋለ ሽቦ የሚጎትቱብኝ ይመስለኛል። ካልሲ እንኳን ሲነካኝ እዘላለሁ።

ያልሞከርኩት የለም። ጋባፔንቲን የሚባለው መድኃኒት መሪ ይዤ አንቀላፋኝ። ጠንከር ያሉት ማስታገሻዎች /እነዚያ አሜሪካን ስንት ወጣት ያሳጧት/ ሱሳቸው አስፈራኝ። ፊዚዮቴራፒ፣ የጀርባ መርፌ፣ አኩፓንክቸር... ሁሉንም አየሁት። እናቴ ከአዲስ አበባ «ልጄ፣ ና ፀበል ግባ» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፦ «ሦስተኛ ቢላዋ አይነካህም!»

በዚህ መሃል ነው የሕመም ሕክምና ባለሙያው «ሌላ ቀዶ ሕክምና አልመክርህም። ነገር ግን ህብለ ሰረሰርህ አጠገብ የሚቀመጥ ኤሌክትሪክ ሰጪ መሣሪያ አለ፣ አስብበት» ብለው የሚያብረቀርቅ ወረቀት የሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ ሽበታም ባልና ሚስት ጎልፍ እየተጫወቱ ይስቃሉ። እኔ ጎልፍ ሳልታመምም አልችልም ነበር!

መሣሪያው ምንድን ነው?

የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው አይታችሁ ከሆነ ይህም የእሱ ዘመድ ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች በመርፌ አማካይነት አከርካሪ አጥንት ውስጥ ይገቡና ከህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ ባለችው ጠባብ ክፍተት ይቀመጣሉ። ከዚያ በቆዳ ሥር ተስበው ክብሪት ሣጥን ከምታክል ባትሪ ጋር ይገናኛሉ። ባትሪዋ ከመቀመጫ ከፍ ብላ ወይም ሆድ ላይ ትቀበራለች። ባለቤቱ በሪሞት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ልክ እንደ ቴሌቪዥን።

ታዲያ ኤሌክትሪክ ሕመምን ምን ያደርገዋል? ክርናችሁን በር ሲመታችሁ ወዲያው የምታሹት ለምን ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅና አንድ እንግሊዛዊ የነርቭ ተመራማሪ አብረው ያወጡት ሐሳብ አለ። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር ማለፍ አለበት፤ መዳሰስን የሚሸከሙት ወፋፍራም ነርቮች ሲነቃቁ በሩ ይጠባል አሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1967፣ ክሊቭላንድ ውስጥ አንድ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በካንሰር ይሰቃይ በነበረ በሽተኛ ላይ የመጀመሪያውን መሣሪያ ተከሉ። /ሐሳቡማ ከዚያም ይቀድማል። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የሮማ ሐኪም ኤሌክትሪክ የሚረጭ ዓሣ ለራስ ምታትና ለሪህ ያዝዝ ነበር። የእኛ ወጌሻ ምን አጠፋ!/

የድሮዎቹ መሣሪያዎች ሕመሙ ባለበት ቦታ ላይ ጉንዳን እንደሚርመሰመስ ዓይነት ንዝረት ያሰማሉ። አንዳንዶቹ አዳዲሶች ግን፣ ለምሳሌ በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚመቱት፣ ምንም ሳይሰማችሁ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የበሩ ታሪክ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም፤ ሊቃውንቱም ገና ይከራከራሉ።

የማን ሕመም ነው?

እዚህ ላይ ነው አብሮ አደጌን ያስቆምኩት። ይህ መሣሪያ ለማንኛውም ሕመም አይደለም። ለነርቭ ሕመም ነው። ማለትም ለሚያቃጥለው፣ ለሚነዝረው፣ ለሚወጋው። በተለይ ከጀርባ ኦፕራሲዮን በኋላ እግር ላይ ለሚቀር ሕመም፣ ጉዳቱ ድኖ ሳለ እጅ ወይም እግር እያበጠና እየቀላ ለሚቀጥል የሕመም ዓይነት፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ በስኳር በሽታ ምክንያት ለሚመጣ የእግር ነርቭ ሕመም ይሰጣል። በዕድሜ ያለቀ የጉልበት መጋጠሚያ ሌላ ነገር ነው። «አባትህ ጉልበታቸውን ይታዩ፣ ቤቱም ይቀመጥ» አልኩት። ቅር ብሎት ስልኩን ዘጋ። ምን ላድርግ?

እናንተ ወጣቶችም ዛሬ ወገባችሁን ያዝ ስላደረጋችሁ አትሯሯጡ። አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2008 ባወጣው መመሪያ መሣሪያውን የሚፈቅደው ሌላው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ ቢያንስ ለ6 ወር ሕመሙ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ሆኖ ለቀጠለበት ሰው፣ ያውም የሙከራውን ጊዜ ላለፈ ብቻ ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን መድንም የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚለው። ኢንፌክሽን ያለበት፣ ደሙ የማይረጋ ወይም ደም ማቅጠኛውን ማቋረጥ የማይችል ደግሞ አይተከልለትም።

የባለቤቴ ጥያቄ

ባለቤቴ በሆስፒታል የነርስ ረዳት ናት፤ በወረቀት ሥዕል አትታለልም። «ጎልፉን ተወውና ቁጥሩን አሳየኝ» አለችኝ። ልጃችን ከተኛች በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ማንበብ ጀመርን። በዚያን ሰሞን የሁለታችንም እንቅልፍ የለም፤ የእኔ በሕመም፣ የእሷ በእኔ።

መጀመሪያ ያገኘነው ደስ የሚል ነበር። በ2007 የወጣ ጥናት ነው። እንደ እኔ ከኦፕራሲዮን በኋላ እግራቸው የሚያማቸው 100 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ከ6 ወር በኋላ መሣሪያው ከተተከለላቸው 48 በመቶዎቹ የእግር ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል፤ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ግን 9 በመቶ ብቻ። «አየሽ!» አልኳት። «አየሁ። ግማሾቹም አልሆነላቸውም» አለችኝ። ዝቅ ብላ ደግሞ አነበበች፦ በዓመቱ ውስጥ ከሦስት አንድ ያህሉ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ችግር ገጥሟቸዋል።

ቀጥሎ ያገኘችው ነው ክፉኛ ያናወጠኝ። በ2022 ኖርዌይ ውስጥ 50 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት። ሁሉም የሙከራውን ጊዜ አልፈው መሣሪያው የተተከለላቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ ለወራት እየከፈቱ፣ ለወራት ደግሞ እየዘጉ አዩዋቸው። ንዝረቱ ስለማይሰማ በሽተኞቹ የቱ ጊዜ እንደተከፈተ አያውቁም። ውጤቱ? ተከፍቶም ተዘግቶም ያሳዩት ለውጥ ተቀራራቢ ሆነ! በ2023 ደግሞ 13 ጥናቶችን፣ 699 ሰዎችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ወጣና ለታችኛው ወገብ ሕመም ከጥናት ውጭ መሣሪያውን መጠቀም የሚያስችል በቂ ማስረጃ የለም አለ። ባለሙያዎች ኖርዌዮቹ የተጠቀሙበትን የንዝረት ዓይነት እያነሱ ይሟገታሉ። እኔ ማን ነኝና እዳኛቸዋለሁ?

የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2020 ደብዳቤ ጽፏል። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ እነዚህ መሣሪያዎች 107,728 ሪፖርት ደርሶታል። 77,937ቱ ጉዳት ደረሰ የሚሉ፣ 29,294ቱ መሣሪያው ተበላሸ የሚሉ፣ 497ቱ ደግሞ ከሞት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሪፖርት ማለት መሣሪያው ገደለ ማለት አይደለም፤ ግን ቁጥሩን ዓይቶ የማይደነግጥ አለ?

ባለቤቴ ወረቀቶቹን ሰበሰበችና «እንግዲህ ያንተ አካል ነው» አለችኝ። ትዳር ያላችሁ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ዶክተሩ ዘንድ ተመልሼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልተቆጡም። «ወገብህን አልድንልህም። እግርህን ምናልባት። ቶሎ ተክዬ ብገላገልህ እኔም እከፈላለሁ፤ ስለዚህ እኔን ሳይሆን የሙከራውን ሳምንት እመን» አሉኝ። እንዲህ የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ አትልቀቁት።

ያቺ ሳምንት

ከሙከራው በፊት የሥነ ልቦና ምርመራ አለ። «አብዷል ብለው ነው?» ብዬ ተናደድኩ። ኋላ ሲገባኝ ተገቢ ነው። ያልታከመ ድብርት ወይም ሱስ ካለ መሣሪያው ብዙም አይረዳም ይላሉ። ባለሙያዋ «ሕመሙ በግማሽ ቢቀንስ ምን ታደርጋለህ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። አስቤው አላውቅም! ቤት ገብቼ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ፣ አራት ሰዓት ሳልነቃ መተኛት፣ እንጀራ እስከምንገዛበት ሱቅ በእግር ሄዶ መመለስ። የእኔ ምክር ይኼ ነው፤ «ሕመምህ ከ10 ስንት ነው?» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። ቁጥር ስሜት ይከተላል። ወንበር ግን አይዋሽም።

ሙከራው ራሱ አጭር ነበር። በሆዴ ተኛሁ፣ ቦታው ደነዘዘ፣ በራጅ እያዩ ሁለት ሽቦ በመርፌ አስገቡ። «የት ይሰማሃል?» ይሉኛል፤ «ዳሌዬ... አሁን ጭኔ... እ! ባቴ!» እላለሁ። ሽቦዎቹ ጀርባዬ ላይ በፕላስተር ተለጥፈው ባትሪው ቀበቶዬ ላይ ታሰረ። ለ7 ቀን ገላ መታጠብ የለም፣ መጎንበስ የለም፣ መጠምዘዝ የለም፣ እጅን ከራስ በላይ ማንሳት የለም። መንዳትም ቀረ። ሸተትኩ፣ ልጄ እንኳን ሸሸችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሠርግ ነበሩ ማለት እችላለሁ። እግሬ ቀዘቀዘ! ግን ኖርዌዮቹ ከጭንቅላቴ አልወጡም። «ስለጓጓሁ ቢሆንስ?» በሦስተኛው ቀን የመሣሪያው ባለሙያ ንዝረት ወደማይሰማበት ዓይነት ቀየረልኝ። ይኼኔ ለባለቤቴ ሪሞቱን ሰጠኋትና «ሳትነግሪኝ ክፈቺ ዝጊ፣ ወረቀት ላይ ጻፊ» አልኳት። እሷም ደስ አላት፤ የባሏ ሪሞት እጇ ገባ!

በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እሳቱ ተነሳ። «ዘግተሽዋል» አልኳት። ዘግታዋለች። ደስ አለኝ። አምስተኛው ቀን ሰላም ነበር። ስድስተኛው ቀን እንደገና አቃጠለኝና «ምነው፣ ዝጊ ስልሽ ይህን ያህል ነው እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት። ወረቀቱን አሳየችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ለዶክተሩ ስነግራቸው ሳቁና «ይህ ጥናት አይባልም፣ ሁለተኛም ሪሞት ለሰው አትስጥ» አሉኝ።

ሽቦዎቹ በሰባተኛው ቀን ሳያመኝ ተነቀሉ። ሒሳቡን ሠራን። እግሬ ከ8 ወደ 3 ወርዷል። ወገቬ ግን 6 ነበር፣ 6 ነው። ከ12 ደቂቃ በላይ የማልቀመጠው ሰው 40 ደቂቃ ተቀምጫለሁ። ሱቁ ደርሼ ተመልሻለሁ። አራት ሰዓት መተኛቱ አንድ ሌሊት ብቻ ሆነልኝ። መመዘኛው 50 በመቶ ነው፤ እግሬ አለፈ፣ ወገቤ ወደቀ።

አንዲት የመኪና ማቆሚያ ባልደረባዬ የነበረች ሐበሻ እህት ግን ያንኑ ሳምንት ሞክራ ምንም አልቀነሰላትም። አለቀሰች። ሽቦው ተነቀለ፣ ባትሪም ሳይቀበርባት ቀረ። ሙከራው የሠራላት እሷን ነው እላለሁ እኔ፤ የማይረዳ ብረት ይዛ ከመዞር አድኗታል።

ማንም ያልነገረኝ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኔና ባለቤቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠቅልለን አገራችን ልንገባ ነበር። እናቴ ብቻዋን ናት። ሳሪስ ያለችውን ቤት ሁለት ክፍል ጨምረንባታል።

የመሣሪያውን ባለሙያ ጠየቅሁት፦ «ሽቦው ቢንቀሳቀስ አዲስ አበባ ማን ያስተካክልልኛል? ቁልፉን የሚያስተካክለው ኮምፒዩተር የት አለ? ኢንፌክሽን ቢፈጥርና ይውጣ ቢባል ማን ያወጣዋል?» ልጁ ጨዋ ነው፤ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለኝ። መልሶ ደወለና የአንድም ሰው ስም አልሰጠኝም። ወረቀቱ ላይ ስለ ጎልፍ እንጂ ስለ ሳሪስ አልተጻፈም።

ያን ማታ ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ? «እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምንኖርበትን አገር የሚወስነው ባትሪው ነው።» ሁለት ሳምንት አሰብኩ። ልጄ «አባዬ እቀፈኝ» ስትል «ኋላ» ማለት ሰልችቶኛል። እናቴን ደግሞ... ተዉት።

አስተከልኩ። ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ኢንሹራንስ ባይኖረኝ ወሬውንም አላነሳም ነበር። ጠዋት ገብቼ ማታ ቤቴ ነበርኩ። ከሦስተኛው ወር በኋላ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትሮጥ መጣችና ሳላስበው ብድግ አደረግኳት። በማግሥቱ ንዝረቱ እግሬን ትቶ ጎድኔን መነዘር ጀመረ! ሽቦው ተንሸራትቷል። ደግነቱ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በኮምፒዩተር ብቻ አስተካከሉት። አንዳንዱ ሰው እንደገና ይከፈታል።

ዛሬ 14 ወር ሆኖኛል። እግሬ 4 ነው፤ በመጥፎ ቀን 6 ይገባል። በቀን 6 የነበረው ኪኒን 2 ሆኗል። ወገቤ ያው ነው። ታክሲውን ትቼ ስልክ ተቀባይ ሆኛለሁ። ኤም.አር.አይ. ሲታዘዝልኝ የመሣሪያውን ዓይነት ሳያረጋግጡ አያስገቡኝም። አውሮፕላን ጣቢያ ካርድ አሳያለሁ፣ በእጅ ይፈትሹኛል። በሳምንት አንድ ማታ ወገቤ ላይ ቻርጀር አስሬ አንድ ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ። ባትሪዋ ወደ አሥር ዓመት ትቆያለች ብለውኛል፤ ከዚያ ቆዳዬ ተከፍቶ ትቀየራለች። አገር ቤት የመግባቱን ነገር ወረቀት ላይ አልሰረዝነውም፣ ቀኑን ብቻ ነው ያጠፋነው።

እሑድ እሑድ ከእናቴ ጋር ስንደዋወል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ አይደለም።

«ልጄ፣ ሞላኸው?»

«ሞላሁት እማዬ።»

«እሰይ። እዚህ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም... እዚያስ አለ?»

«አለ እማዬ፣ እዚህ አለ።»